ሞተሬ 60 ስትል

እኔና ባለቤቴ በአሥራ አንድ ዓመት ትዳራችን በቁጥር ተጣልተን አናውቅም። በቤት ኪራዩ ተስማምተናል፤ በልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ተስማምተናል፤ እናቷ ሊጠይቁን ሲመጡ ስንት ወር እንደሚሰነብቱ እንኳ፣ እያደር፣ ተስማምተናል። ጠባችን የሚጀምረው ሞተር ላይ ስንወጣ ነው። እኔ ከፊት ሆኜ 60 አነባለሁ። እሷ ከኋላ፣ በግራ ትከሻዬ በኩል አንገቷን አስግጋ፣ 70 ታነባለች።

«ሰባ ገባህ!»

«ስልሳ ነው።»

«ዐይኔ እያየው?»

«የኔስ ዐይን ምን እያየ ነው?»

ከሐዋሳ ሻሸመኔ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቁር ውሃን ስንሻገር የተጀመረ ክርክር ሻሸመኔ መግቢያ ላይ ያበቃል፤ ያውም ተማምነን ሳይሆን ስለደረስን ነው። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖርን። ነገሩ በመጨረሻ ሲጣራ ሁለታችንም ተሳስተን ተገኘን። እኔ 60 ስል፣ እሷ 70 ስትል፣ ሞተሯ የምትሄደው በ55 ነበር። ያቺ የጎደለች አምስት ኪሎ ሜትር የት እንደገባች ስፈልግ ነው ከዚህ በታች ያለውን ጣጣ ሁሉ የተማርኩት።

ሞተሯን የገዛኋት በ2011 ክረምት ነው። አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ጀምሮ ልዩ ፈቃድ የሌለው ሞተር በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ የከለከለችበት ጊዜ ነበር። አዲስ አበቤው እያዘነ ሸጠ፤ የክፍለ ሀገሩ ሰው እየሳቀ ገዛ። ከሳቁት አንዱ እኔ ነኝ። ቀይ፣ 100 ሲሲ፣ የህንድ ስሪት። መቀመጫዋ ተቀዶ ተሰፍቷል፤ የእግር መርገጫዋ ላስቲክ አልቆ ብረቱ ወጥቷል፤ የፍሪሲዮን መያዣዋ ከመጨበጥ ብዛት እንደ መስታወት ያበራል። ሻጩ ግን ይህን ሁሉ በጣቱ ከለል አድርጎ ወደ ኪሎሜትሩ ጠቆመኝ፦ «ብዙ አልተነዳችም፤ ይኸው፣ አሥራ ሁለት ሺህ።» አመንኩ። ሰው ይዋሻል እንጂ ቁጥር ምን አግኝቶ ይዋሻል?

ከሳምንት በኋላ አሥራ ሁለት ሺህ ነበረች። ከወር በኋላም አሥራ ሁለት ሺህ ነበረች። ይርጋለም ደርሼ ተመለስኩ፤ አሥራ ሁለት ሺህ። ያን ጊዜ ነው የፍጥነቱ መርፌም ከዜሮ ተነስቶ እንደማያውቅ ያስተዋልኩት።

የሰፈራችን መካኒክ ዕድሜው ከሠላሳ ባይዘልም ሞተረኛው ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለው። ስሙ ይገባዋል፤ አዳምጦ ነው የሚናገረው። ከፊት ጎማ ወደ ላይ የሚወጣውን ካቦ ሳብ ሲያደርገው ግማሹ እጁ ላይ ቀረ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ከተበጠሰ ዘመን የለውም። ዝጎ ዱቄት ሆኗል።»

«ታዲያ አሥራ ሁለት ሺህ የሚለው?»

«አሥራ ሁለት ሺህ ላይ ተበጠሰ ማለት ነዋ።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ሺህ እንደተነዳች የሚያውቁት እግዚአብሔርና ያ አዲስ አበቤ ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም አልነገሩኝም። ካቦው እንዲቀየርልኝ ስጠይቅ ዶክተር ተገረመ። «ምን ያደርግልዎታል? እስከ ዛሬ በጆሮዎ ሲነዱ አልነበር!» ይህን ያለኝ ከልቡ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ የቆመ ሞተር ባየሁ ቁጥር ጠጋ ብሎ ኪሎሜትሩን ማየት ልማድ ሆነብኝ። ስንቱ መርፌ ዜሮ ላይ ተኝቷል መሰላችሁ! በመርፌያቸው ከተፈረደ ከተማችን ውስጥ የሚንቀሳቀስ ሞተር የለም ማለት ይቻላል።

እርግጥ በጆሮ መንዳትም ሙያ ነው። በጆሮ ብቻም አይደለም። ዐይን ማልቀስ ሲጀምር 50፣ ሸሚዝ ከጀርባ እንደ ፊኛ ሲነፋ 60፣ የባለቤቴ ጥፍር ጎኔ ውስጥ ሲገባ 70 ነው። ይህ መሣሪያ ካቦ አይፈልግም፤ ዝናብ አያበላሸውም። ችግሩ ባለቤቴ ስትቆጣም የሚሠራ መሆኑ ነው፤ ቆመንም 70 የገባንበት ጊዜ አለ።

ካቦው ተቀየረ። መርፌው ከስንት ዓመት እንቅልፉ እንደ ነቃ ሰው ተንጠራርቶ ተነሳና ትንሽ ከተንቀጠቀጠ በኋላ ረጋ። እኔም መርፌ እንዳለው ሰው ማሰብ ጀመርኩ። የሞተሬ የፍጥነት ሰሌዳ የመጨረሻ ቁጥር 140 ነው። 140 የት እንደሚገኝ ለሞተሬ ያሳያት የለም፤ ግን ተጽፏል። ሰው ደግሞ የተጻፈ ነገር ላይ ለመድረስ ይመኛል። ይህ ምኞት የድሃ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ሱዙኪ «ሃያቡሳ» የተባለችውን ሞተር ሲያወጣ እውነተኛ ፍጥነቷ ከ300 አልፎ ነበር። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያሰጋቸው የጃፓንና የአውሮፓ አምራቾች በኋላ፣ ወረቀት ሳይፈራረሙ፣ 300 አካባቢ ለመቆም ተስማሙ። እኔ ግን የዚህ ስምምነት አባል ስላልሆንኩ አንድ እሑድ ማለዳ ቁልቁለት ፈልጌ፣ አገጬን ከቤንዚን ቋቱ ጋር አገናኝቼ፣ 95 አስገባኋት።

95 ቡና ቤት ውስጥ የማይመች ቁጥር ነው። ለጓደኞቼ ስነግራቸው ወደ መቶ አጠጋጋሁት። እነሱ ለሌላ ሲያወሩ «መቶ አሥር» ሆነ። ከስድስት ወር በኋላ አንድ የማላውቀው ሰው ባንክ ቤት ሰልፍ ላይ «ያቺ መቶ ሃያ የምትነዳት ቀይ ሞተር ያንተ ናት?» ብሎ ሲጠይቀኝ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት በትሕትና ነው ብሎ ሄደ።

ክብሬን የገፈፈው የጎረቤቴ ልጅ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ለዕረፍት ቤተሰቡ ጋ መጥቶ ወደ ሻሸመኔ ሸኘኝ አለኝና ከኋላዬ ተቀመጠ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አንገቱን አላሰገገም፤ ስልኩን ነው ያወጣው። ቁልቁለቷ ላይ ስንደርስ ወጣቱን ላስደንቅ ብዬ እንደ ልማዴ ጎንበስ አልኩ። 95 ስትገባ፣ «አየህ?» ብዬ ጮህኩ።

«አየሁ ጋሼ! ሰማኒያ ሰባት!»

«ምኑ ነው ሰማኒያ ሰባት?»

«ጂፒኤሱ!»

ስንደርስ አስረዳኝ። ስልኩ ሰማይ ላይ ያሉት ሳተላይቶች የሚልኩትን ምልክት እየተቀበለ ነው ፍጥነቱን የሚያወጣው። ዛፍ ሥርና ድንገት ሲፈጥኑ ወይም ሲያቆሙ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ቀጥ ባለ ሜዳ ላይ እኩል ፍጥነት ይዘው ከሄዱ ከሞተሬ ኪሎሜትር እሱን ማመን ይሻላል። እነዚህ ሳተላይቶች ከመሬት 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀው ነው የሚዞሩት። 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ ያለ ነገር ያወቀውን፣ ከአፍንጫዬ ሁለት ክንድ ላይ ያለው መርፌ አላወቀውም ነው ነገሩ።

በስልክ የሚሸነፍ ሰው አይደለሁምና በራሴ መንገድ ልለካ ወሰንኩ። ዘዴው ቀላል ነው፤ አራተኛ ክፍል ያለፈ ሁሉ ይችለዋል። አንድ ሰዓት 3,600 ሰከንድ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር በ60 ሰከንድ ከጨረስክ ፍጥነትህ 60 ነው፤ በ90 ሰከንድ ከጨረስክ 40። በዋናው መንገድ ዳር የኪሎ ሜትር ድንጋዮች ተተክለዋል። መርፌውን 60 ላይ አስሮ ከአንዱ ድንጋይ እስከ ሌላው ሰከንድ መቁጠር ነው።

የመጀመሪያው ውጤቴ 130 ሰከንድ ወጣ። ወረቀት ላይ ሳሰላው ፍጥነቴ 27.7 ሆነ። ደሜ ፈላ። ስልሳ እያለች በሃያ ሰባት! ያን ሁሉ ዓመት ባጃጅ ሲቀድመኝ «ምን ዓይነት እብድ ነው» እያልኩ የታዘብኩት ሁሉ ትዝ አለኝ። ሻጩን፣ አምራቹን፣ ህንድን እየረገምኩ ስመለስ አንዲት ፍየል ታስራ አየሁ። የታሰረችበት ከመሬት አንድ ስንዝር ብቻ የቀረ ድንጋይ ላይ ነው። የመካከሉ ድንጋይ እሱ ኖሯል፤ መኪና ገጭቶት ሳሩ ውጦታል። የሄድኩት ሁለት ኪሎ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ግማሹ 65 ሰከንድ። 55.4።

እንዲህ ያለው ስህተት ከኔ የበለጡትንም አግኝቷል። በርት ሙንሮ የተባለው የኒው ዚላንድ ሰው እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ ቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በ1920 በተሠራች «ኢንዲያን ስካውት» ክብረ ወሰን ሰበረ። ሞተሯ ከፋብሪካ ስትወጣ የምትችለው 88 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ማለትም የኔዋን ያህል። እሱ ዕድሜውን ሙሉ እቤቱ ሲቀጠቅጣት ኖሮ ከ295 በላይ አስኬዳት። እዚያ መርፌ የሚያይ የለም። ነፋሱ እንዳያደላ ደርሶ መልስ ያስኬዱታል፤ በሰዓት ይለኩታል፤ ከዚያ አማካዩን ይወስዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ልጁ ጆን ስሌቱን ሲመለከተው ስህተት አገኘ። ታርሞ 296.2593 ተባለ፤ ሙንሮ ከሞተ 36 ዓመት ካለፈው በኋላ። አባትየው ትንሽ ተሰርቆ ኖሯል ማለት ነው። የኔ ልጅ እንዲህ ያለ ስሌት ብትሠራ እንደሚቀንስብኝ አውቃለሁ።

ከሙንሮ ተምሬ እኔም ደርሶ መልስ ለካሁ። መርፌው 40 ሲል 97 ሰከንድ፣ ማለትም 37። 60 ሲል 55.4። 80 ሲል 49 ሰከንድ፣ ማለትም 73.5። ሞተሬ ከመቶ ስምንትና ዘጠኝ ያህል ታጋንናለች። በየመካከሉ ግን አንድ የሚገርም ነገር አየሁ፦ ከፍጥነቱ ሥር ያሉት የርቀት ቁጥሮች ከድንጋዮቹ ጋር ልክ ይገጥማሉ። አንድ ድንጋይ ሳልፍ አንድ ይጨምራል። በአንድ ሰሌዳ፣ በአንድ ካቦ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች፤ አንዱ እውነተኛ፣ አንዱ ጉረኛ።

ዶክተር ይህን ስነግረው ሳቀና ከጥራጊ መካከል አንድ የተሰበረ ኪሎሜትር አንስቶ በካቻቢቴ ከፈተው። ርቀቱን የሚቆጥሩት ጥርሶች ናቸው፤ ጥርስ ጥርስን ይነክሳል፤ ጎማው ይህን ያህል ሲዞር ቁጥሩ ይህን ያህል መሄድ ግዴታው ነው። ፍጥነቱ ግን ጥርስ የለውም። ካቦው አንዲት ማግኔት ያሽከረክራል። ማግኔቷን አንድ የአሉሚኒየም ኩባያ ከቧታል፤ መርፌው ከኩባያው ጋር ነው የተያያዘው። «የት ነው የሚነካኩት?» ብዬ ፈለግሁ። «አይነካኩም» አለ ዶክተር። በአሉሚኒየሙና በማግኔቷ መካከል አየር ብቻ ነው ያለው። ማግኔቷ ስትዞር ኩባያው ውስጥ ኤሌክትሪክ ትቀሰቅሳለች፤ ያም ኩባያውን አብሮ እንዲዞር ይጎትተዋል። ኩባያው ተነስቶ እንዳይሄድ ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሞላ ትይዘዋለች። ማግኔቷ በፈጠነች ቁጥር ጉተታው ይበረታል፤ ሞላዋ ትለጠጣለች፤ መርፌው የሚቆመው ሁለቱ በተቻቻሉበት ላይ ነው። ይህን ዘዴ ኦቶ ሹልሰ የተባለ የስትራስቡርግ ሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ጀርመን ውስጥ በስሙ አስመዝግቦታል። እኔ ግን ዶክተር ሲያሳየኝ ሹልሰ የኛን ትዳር አይቶ የሠራው ነው የመሰለኝ። አንዱ ይጎትታል፤ አንዷ ትይዛለች፤ ፍጥነት የሚባለው ሁለታችንም ያልመረጥነው ቁጥር ነው።

«እሺ፣ ያጋንን፤ ግን ምነው ሁልጊዜ ወደ ላይ ብቻ? አንዳንድ ቀን እንኳ አይሳሳትም?»

ዶክተር ትከሻውን ነቀነቀ። መልሱን በኋላ አንብቤ አገኘሁት፤ ሕግ ነው። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 39 አለ። እንደሱ ከሆነ መርፌው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ማሳየት ፈጽሞ አይፈቀድለትም። ከእውነቱ በላይ ግን፣ ሞተሯ ለገበያ ፈቃድ ስትፈተሽ፣ የእውነቱን አንድ አሥረኛና 4 ኪሎ ሜትር ጨምሮ ቢናገር ጥፋት አይሆንበትም። በእውነት በ100 የሚሄድ ሞተር 114 ሊል ይችላል። በዚህ ሚዛን በ55.4 የምትሄደው የኔዋ 64.9 ድረስ ብትል ማንም አይከሳትም ነበር። 60 ማለቷ ጨዋነት ነው።

ምክንያቱም የሚገባ ነው። ማግኔቱ ከማግኔት፣ ሞላው ከሞላ አይመሳሰልም። ጎማውም ልክ የለውም። የፊት ጎማዬ ጥርስ አራት ሚሊ ሜትር ሲበላ ከቁመቱ ስምንት ሚሊ ሜትር ይቀንሳል፤ ያጠረ ጎማ ያንኑ መንገድ ለመሄድ ብዙ ይዞራል፤ መርፌውም ዙሩን እንጂ መንገዱን አያውቅምና ይወጣል። መላጣ ጎማ ያለወጪ ፍጥነት ይጨምራል ማለት ነው፤ በሰሌዳ ላይ። አምራቹ ይህ ሁሉ ተደማምሮ መርፌውን ከእውነቱ በታች እንዳይጥልበት ስለሚፈራ ከመነሻው ከፍ አድርጎ ያስረዋል። ለዚህ ነው ብዙ ሞተሮች ከመቶ ከአምስት እስከ አሥር የሚያጋንኑት። አንድ ሰው መቶ ኪሎ ጤፍ ብሎ ሸጦልህ ዘጠና ሁለት ቢሆን ትከሰዋለህ፤ ሞተሩ ግን ዘጠና ሁለቱን መቶ የሚልህ ለነፍስህ ብሎ ነው።

ለባለቤቴ ውጤቱን ሳቀርብላት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «የኔስ ሰባ ከየት መጣ?» ይህም መልስ አለው። መርፌው ከሰሌዳው ፊት ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚዞረው። 60 ሰሌዳው አናት አካባቢ ነው፤ ከግራ በኩል ያየው ሰው መርፌውን ወደ ቀኝ ተገፍቶ ያየዋል፤ በቀኝ በኩል ደግሞ 70 አለ። የሚጠራጠር የግድግዳ ሰዓቱ ስድስት ሰዓት ሲሞላ በግራ በኩል ቆሞ ይመልከተው፤ ደቂቃ ቆጣሪው ያለፈ ይመስለዋል። ይህ ግን አሥሯን ሁሉ አይሸፍንም፤ ለክቼዋለሁ። ቢበዛ ግማሹን ነው። ቀሪው የፍርሃት ነው ብዬ ልነግራት አስቤ ተውኩት።

እውቀቱ ጎዳኝ። ከዚያ በፊት 60 ስል 60 መስሎኝ እፈራ ነበር። አሁን ግን ኪሴ ውስጥ አምስት ኪሎ ሜትር ትርፍ እንዳለኝ አወቅሁ፤ ገንዘብ እንዳለው ሰው መመንዘር ጀመርኩ። አንድ ቀን ጠዋት ትምህርት ቤት አጠገብ፣ 30 የሚል ምልክት ባለበት፣ በዛፍ ጥላ ሥር የቆመ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ዘረጋ።

«ስንት ነበር የሚነዱት?»

የሚያውቅ ሰው የሚጠየቀው በዓመት አንዴ ነው። «በኪሎሜትሩ 38 ነው» አልኩት፤ «ግን ይሄ ኪሎሜትር ስምንት በመቶ ያጋንናል፤ ለክቼዋለሁ። በእውነቱ 35 ነው የነበርኩት።»

ሰውዬው ደብተሩን ገለጠ፤ በትዕግሥት አየኝ። «ሁለቱም ከ30 ይበልጣሉ፤ አይደለም?»

ቅጣቴን ከፍዬ ስመለስ የአባቴ ሰዓት ትዝ አለኝ። አባቴ የግድግዳ ሰዓታችንን ሆን ብሎ ሃያ ደቂቃ ያስቀድመው ነበር፤ ሁለት ሰዓት ትምህርት ቤት እንድንደርስ። በመጀመሪያው ወር ሠራ። ከዚያ ሚስጥሩን ደረስንበት። ሁለት ሰዓት ሲል «ገና አንድ ከአርባ ነው» ብለን ቁርሳችንን እናላምጣለን። አንድ ጊዜ አጎታችን ከገጠር መጥቶ ሰነበተና ደግ የሠራ መስሎት ሬዲዮ ሰምቶ ሰዓቱን አስተካከለው፤ ለማንም አልተናገረም። በማግስቱ አራት ወንድማማቾች ሃያ ደቂቃ ቀንሰን፣ ዘና ብለን፣ የትምህርት ቤቱ በር ተዘግቶ ደረስን። አጎቴን እስከ ዛሬ አልከሰስኩትም።

ያው አጎቴ ባለፈው ጥር በጎሚስታ ተመስሎ መጣብኝ። የፊት ጎማዬ ፈጽሞ መላጣ ሆኖ ላስቀይር ሄድኩ። 2.75 የሚለው ልክ አልነበረም፤ «3.00 አለ፤ ይገባል» አለኝ፤ ገባም። አዲስ ስለሆነና ትንሽ ስለወፈረ ከአሮጌው ወደ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይረዝማል። ረዥም ጎማ ደግሞ ትንሽ ነው የሚዞረው። እኔ ግን በድሮው ሒሳብ ስምንት በመቶ እየቀነስኩ ስነዳ ከረምኩ። ድንጋዮቹ ጋ ተመልሼ ስለካ (ፍየሏ አድጋለች) መርፌው 60 ሲል እውነቱ ከ57 አልፏል። ትርፌ በአንድ ጎማ ከሲሶ በላይ ተበላ።

ከዚህ በኋላ ሒሳቡን ለባለቤቴ አስረከብኩ። እሷም ብዙ ሳትጨነቅ ፈረደች፦ ከእንግዲህ የሚሠራው በግራ ትከሻ በኩል የሚታየው ቁጥር ነው፤ ያም ከ50 አይበልጥም። በእሷ 50 ሲሆን በኔ 42 ነው፤ በድንጋዮቹ 40። ሻሸመኔ በ55 ስንሄድ በ27 ደቂቃ እንደርስ ነበር፤ አሁን በ38 እንደርሳለን። በነዚያ አሥራ አንድ ደቂቃዎች ምን እንደምሠራባቸው ብዙ አስቤ ነበር፤ የምንከራከርበት ነገር ስላጣን እናወራባቸዋለን።

እናንተም ከጥቁር ውሃ ማዶ አንዲት ቀይ ሞተር በቀኝ ጠርዝ ይዛ፣ ሹፌሩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ ከኋላው ያለችው ሴት አንገቷን በግራ አስግጋ፣ ቀስ እያለች ስትሄድ ካያችሁ ጥሩምባ አትንፉብን፤ እለፉን። ሰከንድ እየቆጠርኩ ነው፤ ከተሳሳትኩ ከመጀመሪያው ድንጋይ ነው እንደገና የምጀምረው።